እምቢታ ስንት ጊዜ ነው

በዚያ ቀን በእሜቴ ተዋበች አዳራሽ ውስጥ አምስት ሰዎች ነበርን። እንግዳዋ ሲስተር ሄልጋ ከመሶቡ ፊት፣ ዝቅተኛ በርጩማ ላይ፣ ጉልበቷ አገጯን ሊነካ ምንም ሳይቀረው ተቀምጣለች። የቤቱ ባለቤት እሜቴ ተዋበች ከመካከለኛው ምሰሶ ሥር ቆመዋል። ከእንግዳዋ በስተቀኝ ወጥ ሠሪዋ ዘነቡ፣ በስተግራ እኔ፣ አንዲት ነጠላ በሁለት ጫፍ ወጥረን ይዘን ሲስተርን ከሰው ዓይን ጋርደናታል። ነጠላዋ የኔ ናት። አምስተኛው ጋሽ ሰይድ ነው፤ የጭነት መኪና ያለው ነጋዴ። እሱ በሩ ላይ፣ አንድ እግሩን ከውስጥ አንድ እግሩን ከውጭ አድርጎ ቆሟል። ዶሮዋን ካልቆጠርናት አምስት ነን። እሷ ድስት ውስጥ ነበረች።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው በኋላ ነገሩ በከተማው ሲወራ ሃያ ሰው እዚያ እንደነበረ ስለሰማሁ ነው። እንዲያውም አንዲት ሴት እኔን ራሴን ይዛ፣ እኔ የሌለሁበት አስመስላ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነግራኛለች። ጨዋታዋን ላለማበላሸት ዝም ብዬ ሰማኋት።

ዓመቱ ስድሳ ስድስት ነው። ወሎ ያን ጊዜ ምን ላይ እንደነበረች እኔ ባልነግርም ይታወቃል። እኔ ደሴ አክስቴ ቤት ሆኜ አሥረኛ ክፍል ጨርሼ፣ ለአሥራ አንደኛ የሚሆን ስንቅ ሲጠፋ መካነ ሰላም ወላጆቼ ዘንድ ተመልሼ ነበር። ሲስተር ሄልጋ ለሕፃናት እርዳታ ከሩቅ አገር ስትመጣ አስተርጓሚ ተፈለገ። በከተማው እንግሊዝኛ የሚያውቁ ሦስት ሰዎች ተገኙ። አንደኛው መምህር ነበር፤ እሱ ደሴ ላይ ሰልፍ አለ ተብሎ ሄዶ አልተመለሰም። ሁለተኛው በወጣትነታቸው ወታደር የነበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ የሚያውቁት ግን ትእዛዝ ብቻ ነው፤ ተነሥ፣ ቁም፣ ወደ ኋላ ዙር። ለታመመ ሕፃን ይህ አይሆንም ተባለ። ሦስተኛዋ እኔ ነበርኩ።

ሥራ የጀመርኩ ዕለት እኩለ ቀን ላይ ሲስተር ዳቦና አንድ ቆርቆሮ ሥጋ አወጣችና «ትበያለሽ?» አለችኝ።

«አይ፣ በልቻለሁ» አልኳት። ከትናንት ማታ ጀምሮ አልበላሁም።

በእኛ አገር የመጀመሪያው እምቢታ የእግዚአብሔር ሰላምታ እንደመመለስ ያለ ነገር ነው። እንዴት አደርሽ ሲባል ራሱን ያመመውም «ደኅና» ይላል። ጠያቂውም ይህን ስለሚያውቅ ደግሞ ይጠይቃል፤ ይምላል፤ ክንድ ይይዛል፤ እንግዳውም በግድ እንደተጎተተ ሆኖ ይቀርባል። ሲስተር ግን «እሺ» አለችና ብቻዋን በላች። በማግስቱ ጠየቀችኝ፤ በልቻለሁ አልኩ፤ እሺ አለች። እንዲህ እያልን ሦስት ሳምንት ከረምን። እሷ በልቼ የምመጣ ደኅና ልጅ መሰልኳት። እኔ ደግሞ መቀነቴን በየሳምንቱ አንድ ዙር እየጨመርኩ እንዴት ያለች ጨካኝ ናት እል ነበር። በአራተኛው ሳምንት ሰኞ፣ መሬት መሬት እያየሁ «አዎ፣ እበላለሁ» አልኩ። ምንም አልገረማትም። ሁለተኛ ሳህን አወጣች። በላሁ፤ ያፈርኩት ግን እስከ ዓርብ አልለቀቀኝም።

ከዚያ በኋላ የሁለት አገር ማዕድ አዋቂ ነኝ ብዬ ራሴን ሾምኩ። የነገሩ ሁሉ መነሻ ይህ ሹመት ነው።

ሲስተር አንድ ሌላ ጠባይ ነበራት። የተራበ ሰው በሚያይበት ቦታ መብላት ነውር ነው ብላ ስለምታምን፣ ድንኳኗን ጥርቅም አድርጋ ዘግታ ነበር የምትበላው። እሷ ይህን ያደረገችው ለትሕትና ነው። የከተማው ሰው ግን ሌላ ነገር አየ። በእኛ ዘንድ ተጋርዶ የሚበላው ባላባት ነው፤ ዓይን እንዳያገኘው፣ የአፉ እንቅስቃሴም ለሎሌ እንዳይታይ። ስለዚህ ወር ሳይሞላ ፈረንጇ የንጉሥ ዘር ናት ተብሎ ተወራ። ለምን መጣች ሲባል፣ ከአባቷ ተጣልታ ነው። አባቷ ለምን አይፈልጋትም ሲባል፣ በየአውራጃው እያስፈለገ ነው። ወሬው እሜቴ ተዋበች ጆሮ ሲደርስ «ታዲያ ወገኔ ናታ» አሉ። በእሳቸው አማት ቤት ሁሉም ተጋርዶ ነበር የሚበላ።

እሜቴን የፈለግናቸው ለቤታቸው ነው። ታማሚዎቹ ሕፃናት ከገበያው በታች በአራት ድንኳን ተኝተው ነበር። ግንቦት ላይ ሁለት ጊዜ ዘነበ፤ በሁለቱም ጊዜ ድንኳኖቹ አፈሰሱ፤ ብርድ ልብሶቹ ርሰው አደሩ፤ በማግስቱ የሳል ድምፅ በዛ። ሲስተር «ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ጣሪያ ካላገኘን እነዚህን ልጆች አናተርፋቸውም» አለች። በከተማው ከቤተ ክርስቲያን ቀጥሎ ትልቁ ጣሪያ የእሜቴ ተዋበች አዳራሽ ነበር። ባላቸው ለግብር ግብዣ ያሠሩት፣ ግድግዳው ድንጋይ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ፣ ርዝመቱ ፈረስ የሚያስጋልብ። በዚያ ዓመት ግን ባዶ ነበር። አይጦቹ እንኳ ስንቅ ቋጥረው ወደ ወግዲ ወርደዋል እያለ ጋሽ ሰይድ ይቀልድ ነበር። ቁልፉ ከእሜቴ መቀነት ጫፍ ተቋጥሮ ይኖራል።

ጋሽ ሰይድ ሽማግሌ ሆኖ ሄዶ ለመነ። እሜቴ የመለሱለት ይህን ነው፦

«ቤት ለባዕድ አይሰጥም፤ ለዘመድ ነው። ዘመድ ደግሞ ማዕድ የቆረሰ ነው። መጥታ እንጀራዬን ትብላ፤ በልታ ስትነሳ ቁልፉን ትወስዳለች። ካልበላች የለኝም።»

ሲስተር ይህን ስትሰማ «ከተራበ አገር ሰው ምግብ አልበላም» አለች። ሁለት ቀን ለመንኳት። በመጨረሻ «ትንሽ ብቻ» ብላ እሺ አለች። መቸኮል ነበረብን። በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም፤ ግን ጥቂት ቀን ቆይቶ የሰኔ ጾም ይገባል። ያን ጊዜ ዶሮ እስከ ሐምሌ አትነካም። እሜቴ ደግሞ ለእንግዳ ዶሮ ያልቀረበበት ማዕድ ማዕድ አይባልም ብለዋል። የቀረቻቸው ዶሮ አንዲት ናት።

እዚህ ላይ ትንሽ ወጣ ልበል። ያኔ ጋሽ ሰይድ በትከሻው ሬዲዮ አንጠልጥሎ ነበር የሚዞር። በየሳምንቱ ሚኒስትር ይወርዳል፤ ሚኒስትር ይወጣል። አንድ ቀን ካቢኔው በሙሉ ወረደ ብሎ ለእሜቴ ሲነግራቸው «በልተው ነው የተነሱ ወይስ ሳይበሉ?» ብለው ጠየቁት። ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላ ያ አዳራሽ የቀበሌ ሆነ። የወሰዱት ሰዎች እንጀራ አልቆረሱም፤ አልተለመኑም። እንዲያውም ቁልፉን አልጠየቁም፤ ጓጉንቸሩን ሰበሩት። ወደ ዶሮዋ ልመለስ።

ማክሰኞ ዕለት ሁለቱንም አስተማርኩ።

ለሲስተር እንዲህ አልኳት። «ሲያቀርቡልሽ መጀመሪያ እምቢ በይ። ወዲያው እሺ ያለ ሰው እህል አይቶ አያውቅም ይባላል። ሁለት ጊዜ እምቢ በይና በሦስተኛው ብይ። ሁሉንም አትጨርሺ፤ ጥቂት አስቀሪ።» ሁሉንም ቁጥር ሰጥታ በማስታወሻዋ ጻፈች። ስለ ጉርሻም ግማሽ ሰዓት አስተማርኳት። የሚያጎርሳት ሳይገኝ ቀረ እንጂ በደንብ ገብቷት ነበር።

ከዚያ እሜቴ ዘንድ ሄድኩ። «እሜቴ፣ ፈረንጅ አንድ ጊዜ ነው የሚጠየቀው» አልኳቸው። «አልፈልግም ካለ አልፈልግም ማለቱ ነው። መለመን ለእነሱ ማስጨነቅ ነው።»

«እና እንግዳዬ ጦሟን ትነሳ?»

«የለም፣ መብላት ከፈለገች እሺ ትላለች።»

«በአንድ ጊዜ?»

«በአንድ ጊዜ።»

እሜቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ያሳደጋት የለም ማለት ነው። ይሁን፣ እንደ አገሯ።»

የሦስት ሳምንት ረሃቤ ያስተማረኝን ለሁለቱም አካፍዬ፣ ደስ ብሎኝ ቤቴ ገብቼ ተኛሁ።

ረቡዕ ሆነ። መጀመሪያ እንደነገርኳችሁ ቆመናል። ሲስተር እጇን ታጠበች። ዘነቡ በአንድ እጇ ነጠላውን እንደያዘች በሌላው የመሶቡን ክዳን አነሳች። ዙሪያው የገብስ እንጀራ ነው፤ መሃል ላይ ለእንግዳዋ አንድ የጤፍ እንጀራ ተዘርግቷል። ወጡ ወጣ። የሚጋርድ ሰው ፊቱን ማዞር አለበት፤ እኔ ግን በአንድ ዓይኔ አይ ነበር።

«ብላ በያት» አሉ እሜቴ። ፈረንጅን ሲያዝዙ ወንድና ሴት መለየት አያስፈልግም ብለው ያምኑ ነበር።

ሲስተር እንዳስተማርኳት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ በአማርኛ፣ «አይ፣ አመሰግናለሁ» አለች። አጠራሯ የተዋጣለት ነበር። ኮራሁባት።

እሜቴ ሊናገሩ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። ከዚያ ወደ እኔ አዩና ትንፋሻቸውን ዋጥ አድርገው «ይሁን፣ እንደ አገሯ። ዘነቡ፣ ክደኚው» አሉ።

መሶቡ ተከደነ።

ሲስተር ጉልበቷ ላይ አንድ ጣቷን ዘርግታ ይዛለች። ወደ እኔ ቀና ብላ በእንግሊዝኛ «ሁለተኛው አሁን ነው?» አለችኝ።

«ትንሽ ቆዪ» አልኳት። ምን እንደምትቆይ እኔም አላውቅም።

«ዶሮዬን ናቀቻት» አሉ እሜቴ ለምሰሶው።

«ኧረ እሜቴ፣ የንጉሥ ዘር እኮ ቶሎ አይበላም» አለ ጋሽ ሰይድ ከበሩ።

«እሜቴ፣ ትንሽ ይለምኗት» አልኳቸው።

«አንቺ አይደለሽም እንዴ መለመን ማስጨነቅ ነው ያልሽኝ?»

«ነኝ።»

«እንግዲያ?»

ወደ ሲስተር ዞርኩ። «ሲስተር፣ ብቻ እበላለሁ በይ።»

«ገና አንዴ ነው እምቢ ያልኩት» አለችና ማስታወሻዋን ከኪሷ አወጣች። «ቁጥር ሁለት። ሁለት ጊዜ ይላል።»

«ማስታወሻው ተሳስቷል።»

«አንቺ ነሽ ያስጻፍሽኝ።»

ደሴ ትምህርት ቤት ስለ ወንዞችና ስለ ተራሮች ብዙ አስተምረውኛል። ለዚህ የሚሆን ግን አልነበረበትም። ነጠላው እጄ ላይ ከበደኝ፤ ዘነቡም ልያዝ ልልቀቅ በሚል ዓይን ታየኛለች።

ያዳነኝ ጋሽ ሰይድ ነው፤ ወይም ያዳነኝ መሰለኝ። «ወላሂ እሜቴ፣ የልጅቷን ትምህርት ይተዉትና እንደ አባትዎ ቤት ይለምኗት» አለ።

እሜቴ የሚጠብቁት ይህን ብቻ ነበር። ከማክሰኞ ጀምሮ ታፍኖ የኖረ ልመና በአንድ ጊዜ ወጣ። «በሞቴ በያት። አፈር ስሆን በያት። ሳትበላ ብትነሳ ሬሳዬን ተራምዳ ነው የምትወጣው በያት።»

ሳልጨምር ሳልቀንስ ተረጎምኩ። እሞታለሁ ይላሉ፤ አፈር እሆናለሁ ይላሉ፤ ሬሳዬ በሩ ላይ ይሆናል ይላሉ።

ሲስተር ነርስ ናት። ሰው እሞታለሁ ሲላት የምታውቀው አንድ ነገር ነው። ነጠላችንን ገልጣ ብድግ አለች፤ እሜቴ ዘንድ ደርሳ የእጅ አንጓቸውን ያዘችና ሰዓቷን ታይ ጀመር። የእሜቴ ተዋበችን እጅ በዚያ ቤት ማንም ይዞት አያውቅም።

«ምን እያደረገች ነው?» አሉኝ እሜቴ፣ ሳይንቀሳቀሱ።

«የደም ሥርዎን እየቆጠረች ነው።»

«ስንት ደረሰላት?»

ሲስተር ግን መቁጠሩን ትታ ነበር። እጇ ከአንጓቸው ተነስቶ በሰፊው የቀሚሳቸው እጅጌ ውስጥ ገባና ከክርናቸው በላይ ቆመ። በአውራ ጣቷና በመሃል ጣቷ ክንዳቸውን ዙሪያውን ያዘችው። ድንኳኑ ውስጥ ልጆቹን በየጠዋቱ እንዲህ ነው የምታደርጋቸው፤ ጣቶቿ ከተገናኙ ልጁ እጅግ የከሱት ወደሚተኙበት ወደ መጀመሪያው ድንኳን ይገባል። አሁን ሊገናኙ ምንም አልቀራቸውም።

«መጨረሻ የበሉት መቼ እንደሆነ ጠይቂያቸው» አለችኝ ቀስ ብላ።

በእኛ አገር አንዲትን እሜቴ ዕድሜያቸውን መጠየቅ ይቻላል። ስለ ርስት ክርክራቸውም ይጠየቃል። ይህ ግን አይጠየቅም።

«ጤናዎ እንዴት ነው ትላለች» አልኳቸው።

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ዛሬ ጠዋት ነው ይላሉ» አልኩ ለሲስተር።

ሲስተር እኔን አየችኝ፤ ዘነቡን አየቻት። ዘነቡ እንግሊዝኛ አታውቅም፤ ግን ዓይኗን ወደ መሬት ጣለች።

«እሳቸው ካልተቀመጡና ካልበሉ እኔም አልበላም» አለች ሲስተር።

ይህንን በትክክል ተረጎምኩ።

«እንግዳ ሳይነሳ ባለቤት አይቀመጥም» አሉ እሜቴ። «እናቴ አልተቀመጠችም። እኔም አልቀመጥም።»

«አልበላም።»

«አልቀመጥም።»

ይህን ልተርጉመው አልተርጉመው ሳስብ ቆርቆሮው ላይ አንድ ጠብታ ወደቀ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ጣሪያው በሙሉ ጮኸ። ሁላችንም ቀና አልን። የሚያፈስ ቦታ አልነበረውም። ሲስተር ጣሪያውን ከዳር እስከ ዳር አየችው፤ ከዚያ የእሜቴን መቀነት አየች።

በዝናቡ መካከል የሚንኮሻኮሽ ድምፅ ከበሩ መጣ። ጋሽ ሰይድ ቆሎ እየበላ ነው። እስላም ስለሆነ በክርስቲያን የተባረከች ዶሮ አይበላም፤ ዘነቡም ይህን ስለምታውቅ ገና ሲመጣ የገብስ ቆሎ በኩታው ጫፍ ቋጥራለት ነበር።

«በዚህ ቤት ላለመብላት በቂ ምክንያት ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ» አለ። «የምበላም እኔ ብቻ ሆንኩ።» ሁለተኛውን እግሩን ወደ ውስጥ አስገባና ኩታውን በሁለቱ ሴቶች መካከል ዘረጋ። «አብሽሩ። ቆሎ ማዕድ አይደለም። ቆሞም ይበላል፤ ተቀምጦም ይበላል፤ በበቅሎ ላይም ይበላል። በቆሎ የሚምል ሰው እስካሁን አላየሁም።»

እሜቴ ቆሎውን አዩት። «የማን ገብስ ነው?»

«የእርስዎ ነው፣ እሜቴ።»

«ማን ቆላው?»

«ዘነቡ።»

አሰቡበት። ከዚያ እንደቆሙ፣ ነጻ በሆነው እጃቸው፣ ትንሽ ቆንጠር አደረጉ። ሲስተርም ቆማ አነሳች። ስለ ቆሎ ምንም አላስጻፍኳትምና ሙሉ እፍኝ አፏ ውስጥ ጨምራ አሳላት። እሜቴ የቀሯቸው ጥርሶች በግራ በኩል ስለሆኑ ቀስ ብለው ወደዚያ እያሻገሩ ያኝካሉ። ትይዩ ቆመው እየተያዩ ረጅም ጊዜ አኘኩ። የያዘችውን ክንድ ሲስተር አልለቀቀችም ነበር።

«በላች» አሉኝ እሜቴ፣ ምስክር እንደሚያስመዘግብ ሰው።

«በላች» አልኩ።

«እንግዲህ እንጀራዬን ቀምሳለች። ቤተኛ ናት። ከቤተኛ ጋር ደግሞ...» ጉልበታቸውን ያዙ። «ዛሬ ይህ ጉልበቴ አሞኛል» አሉና ከመሶቡ አጠገብ ተቀመጡ። ሲስተርም በርጩማዋ ላይ ተመለሰች። «ዘነቡ፣ ጋርዱን» አሉ እሜቴ።

እኔና ዘነቡ ነጠላውን ለሁለቱም እንዲበቃ አድርገን አነሳን። ፊታችንን አዞርን። ቅድም አዙሬ ነበር ብል ውሸት ነው፤ አሁን ግን አዞርኩ። የክዳን ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ ከዝናቡ በስተቀር ብዙ የሚሰማ አልነበረም። አንድ ጊዜ ብቻ እሜቴ ዝቅ ባለ ድምፅ «በሞቴ» አሉ፤ ሲስተርም በአማርኛ «እሺ» አለች። አስተርጓሚ አልጠሩም። ዘነቡ ዓይኗን በነጠላው ጫፍ ጠረገች። በርበሬው ነው አለችኝ፤ ምንም ሳልጠይቃት።

ነጠላውን ስናወርድ፣ በሲስተር በኩል በማስታወሻው መሠረት አንድ ጉርሻ የሚያህል ቀርቷል። በእሜቴ በኩል ምንም አልቀረም። ድስቱ ውስጥ አንድ እግርና አንድ እንቁላል አሉ። ነጠላዬ ላይ መዳፍ የሚያህል የወጥ ምልክት አለ፤ የማን እጅ እንደሆነ አላውቅም።

እሜቴ የመቀነታቸውን ጫፍ ፈትተው ቁልፉን አወጡና በሲስተር መዳፍ ላይ አኖሩት።

«ለስንት ጊዜ እንደሚሰጡን ጠይቂያቸው» አለችኝ ሲስተር።

ጠየቅኳቸው።

«ልጆቹ እስኪጠግቡ» አሉ። «ነገ ዛሬ አትበሉ፤ እየዘነበባቸው ነው። አሁን አምጧቸው።»

ጋሽ ሰይድ መኪናውን ሊያስነሳ ሮጠ። ሲስተር ቁልፉን ጨብጣ ተከተለችው። ዘነቡ ወለሉን ልትጠርግ መጥረጊያ ፍለጋ ወደ ጓዳ ገባች። እኔና እሜቴ ቀረን። ያን ቀን ለሲስተር ትምህርቷን ስደግምላት ቁርሴን ረስቼው ነው የወጣሁት።

እሜቴ ወደ ድስቱ አዩ፤ ወደ እኔ አዩ።

«አንቺስ ልጄ? ቆመሽ ዋልሽ። ትንሽ ቅመሽ።»

«ኧረ እሜቴ፣ ጠግቤያለሁ» አልኩ። «ቤት በልቼ ነው የመጣሁት።»

ዓይኔን መሬት ላይ አድርጌ ሁለተኛውን ጠበቅሁ።

እሜቴ እጃቸውን ወደ ክዳኑ ሰደዱ። ከዚያ «እሺ፣ ልጄ» አሉና መሶቡን ከደኑት።

ነጠላዬን አጥፌ ወጣሁ።